ክፍል ዐሥራ አንድ

ረምዚ ደወለልኝ፣ ከቅርስ ጥበቃ ቤት፤
«የሃምሳ አለቃ ጓንጉል ልጅ አንቺ ነሽ አሉኝ።
ያንን የወታደር ሰፈር ለሕዝብ ልንከፍተው ነው፣
ክፍል ዐሥራ አንድን እንደ ጥንቱ አድርገን፤
አልጋው የቱ ጋ እንደ ነበር መጥተሽ ብታሳዪን።»

መጣሁ።
ከጀጎል ግንብ ወጣ ብሎ፣ ቆርቆሮው ተቀይሮ፣
ደጁ በነጭ ድንጋይ፣ በመስመር ታጥሮ፤
ኢፍቱ የምትባል ልጅ ቲኬት ይዛ በሩ ላይ፣
«ሃያ ብር ነው፣ እማማ።»
ከፈልኩ። ምን ልበላት?
ለዚህ ቤት ሲከፈል የመጀመሪያ አይደለም፤
አባቴም ከፍሎበታል፣ በብር ግን አይደለም።

ውስጡ ያምራል። አልዋሽም።
አንድ የብረት አልጋ፣ ብርድ ልብሱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣
ከሥሩ ከስክስ ጫማ፣ በቀለም ጠቁሮ፣
አንድም እግር ያልሄደበት።
ኮዳ፣ ጋሜላ፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣
«አይነካም» የሚል ወረቀት።
ረምዚ ፊቴን ያያል፣
ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ።

«ሰፋ» አልኩት። «ይሄ ቤት ሰፊ አልነበረም።»

ሁለት ቤተሰብ ነበርን።
ከመስኮቱ እስከ ምሰሶው የኛ፣
ከምሰሶው እስከ በሩ የአሥር አለቃ በዳሳ፤
መሐላችን መጋረጃ፣
እናቴ ይርገዱና የሱ ሚስት ሌንሳ
ከሦስት የመንግሥት አንሶላ የሰፉት፣
ጥጉ ላይ የግምጃ ቤት ማኅተም ያለበት።

መጋረጃው ሕግ ነበረው።
ሳል ይሰማል፣ አይጠየቅም፤
ጠብ ይሰማል፣ ጠዋት አይጠቀስም፤
ወጥ ያረረባት ሴት «አረረብሽ» አትባልም።
ጨው ሲያልቅ ግን እጅ በሥር ይሾልካል፣
መዳፍ ብቻ፣ ፊት የሌለው፣
ጨው ይዞ ይመለሳል።
ማታ፣ ጡሩምባው «ተኙ» ካለ በኋላ፣
ልጃቸው ቶሎሳ እግሩን ወደኛ ይልካል፤
በእግር ጣት እንቆናጠጣለን፣
ሳቃችንን ትራስ ውስጥ እየቀበርን።

በስልሳ ዘጠኝ ክረምት
ሁለቱም በአንድ መኪና ሄዱ፣ በጅጅጋ መንገድ።
አባቴ ተመለሰ፣ አንድ ጆሮው ደንቁሮ።
በዳሳ አልተመለሰም።
ከዚያ አንድ ጸሐፊ መጣ፣ ወረቀት ቋጥሮ፤
«ቤቱ የሠራዊት ነው፣ የሟች አይደለም፤
ሦስት ወር» አለ፤ ሻይ እንኳ አልጠጣም።
ሌንሳ ሁለተኛው ላይ ወጣች፣ አህያ ጭና፣
ጅቡ ሳይወጣ ፈዲስ ለመግባት ቸኩላ፤
የጨዋን ስኒ ለእናቴ ትታላት።

እናቴ መጋረጃውን አወረደች። አጠበችው።
ልታሰጣው ወጣች፣ ብዙ ቆየች።
እኔ
(ይህን ለረምዚ አልነገርኩትም)
እኔ ሮጥኩ።
ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት፣
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቤቱ ሜዳ ሆነልኝ፣
እየሳቅኩ፣ ድምፄ ጣራውን እየመታ።
እናቴ ከውጭ ሰማችኝ።
ገብታ አልመታችኝም።
ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«አልጋውስ?» ይላል ረምዚ፣ ብዕሩን ይዞ።
አልመለስኩም። ምስማሩን ፈለግኩ፣
«አይነካም» ከሚለው ወረቀት አጠገብ፤
ኖራውን በጥፍሬ ፋቅኩ፤
ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቢጫ፣
ከቢጫው ሥር ዝገት።
ነበረ።
ኢፍቱ «እማማ!» ብላ ሮጠች፣ ረምዚ እጇን ያዛት።

«አንሶላ አምጡ» አልኩ። «ሦስት። ገመድም።»
«ጎብኚው ግን» አለ፣ «እንዴት ያያል ሁሉን?»
«አያይም።
ግማሹን ይይ። ሌላውን ይስማ።»

ሰቀልነው።
ክፍሉ ጠበበ፣ ጨለመ፣ ቤት ሆነ።
ረምዚ ከወዲያ ቀረ፣ በነበዳሳ በኩል፤
ሲያስል ሰማሁት።
ምነው አላልኩም።

ጫማዬን አወለቅኩ፣ ማንም ሳያየኝ፤
የእግሬን ጣት በመጋረጃው ሥር አሾለክኩ።
ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል።
ትንሽ ቆየሁ።